ጮቄን ጉዳይ ይዞ መውጣት

(ደብረ ማርቆስ ላይ የእግር ጉዞ ለሚወዱ ወጣቶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል)

ጤና ይስጥልኝ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። አዘጋጆቹ ቤቴ ድረስ መጥተው «ጋሼ፣ ስለ ጮቄ ውበት ይንገሩን» ሲሉኝ እሺ ያልኩት በይሉኝታ ነው። ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ውበት መናገር አላውቅበትም። ደግሞም በጮቄ ዙሪያ ስዞር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድም የተራራው ገበሬ «ይህ ተራራ እንዴት ያምራል» ሲል ሰምቼ አላውቅም። አማረ የሚለው በሬውን ነው፣ የገብሱን አዝመራ ነው፣ የሰው ልጅ ነው። ስለ ተራራው ሲያወራ ነገሩ ሌላ ነው፦ «ዛሬ ጭጋጉ ከብዷል»፣ «ጓሳው ደርሷል»፣ «ዘንድሮ ውርጩ ቀደመ»። ተራራው ለእርሱ ጉዳይ ያለበት ቦታ ነው። ጉዳይ ከሌለው አይወጣም።

እኔም ዛሬ የምላችሁ ይህንኑ ነው፤ ጉዳይ ይዛችሁ ውጡ።

ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። ወጣት መምህር ሳለሁ አርባ ተማሪዎች በኪራይ አውቶቡስ ይዤ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ወጣሁ። ከላይ ስንደርስ ሾፌሩ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ግማሽ ሰዓት ሰጠን። ወረድን፣ በረደን፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም የውርጭ ተክል ሥር ቆመን ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ተመለስን። በማግስቱ ስለ ጉዞው ድርሰት ጻፉ ብላቸው አብዛኞቹ የጻፉት ስለ ብርዱ ነበር። አንዲት ልጅ ብቻ «ከመንገዱ በታች ሣር ተሸክመው የሚሄዱ ሴቶች አየሁ፤ ወዴት እንደሚወስዱት የነገረኝ የለም» ብላ ጻፈች። መልሱን ከመምህሯ መጠበቋ ነበር። መምህሯም አያውቅም።

አሁን ወደ ተራራው። ጮቄን እዚያው ጮቄ ላይ ቆሞ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። በሰሜን ተራሮች እንዳለው ዓይነት ገደልና ሹል ጫፍ የጠበቀ እንግዳ ዙሪያውን እያየ «የቱ ነው?» ይላል። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። የዛሬ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ሆድ የወጣው ቅልጥ ድንጋይ ቀጭን ስለነበር ተቆልሎ አልቀረም፤ በላይ በላዩ እየተነጠፈ በሰፊው ፈሰሰ። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን እሳተ ገሞራ በጋሻ ይመስሉታል። እጀታው ወደ ታች ሆኖ መሬት ላይ የተደፋ የአባቶቻችንን ጋሻ አስቡ፤ ጮቄ ያ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥታችሁ ስትሄዱ ሽቅብ መሆኑን የሚነግራችሁ ዓይናችሁ ሳይሆን ጉልበታችሁ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ማለፋችሁን ደግሞ ትንፋሻችሁ ይነግራችኋል።

ከዚህ ጋሻ ላይ ውኃ በየአቅጣጫው ይወርዳል። ጨሞጋን ታውቁታላችሁ፤ እዚሁ አጠገባችን ነው የሚያልፈው። ተምጫ በደንበጫ በኩል ይሄዳል፤ ሙጋና ሱሃ በወዲያኛው ጎን ይወርዳሉ። ወደ ሰሜን የሚሄዱም አሉ። ሁሉም ግን የሚገቡት አንድ ቦታ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ጮቄ ጫፍ ላይ ተጣልተው አንዱ የቅሉን ውኃ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ ቢደፋ፣ ውኃው ከእነርሱ ቀድሞ ታርቆ ዓባይ ውስጥ ይገናኛል። ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ጣና ይገባል፣ በባሕር ዳር ይወጣል፣ ጢስ እሳት ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ወደ ምዕራብ ይነጉዳል። ማምለጫ የለም። ደጀን ጫፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ሸለቆው ስታዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው የምታዩት፤ ያን ጉድጓድ ከቆፈሩት ውኃዎች የጮቄ ድርሻ ቀላል አይደለም።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ግንድ ብቻ ቢሆን ማን ይከፋው ነበር! ክረምት ላይ የጨሞጋን ቀለም ያየ ሰው የሚዞረው ምን እንደሆነ ያውቃል።

ያቺ ልጅ የጠየቀችው ሣር እዚህ ላይ ይመጣል። ጓሳ ይባላል። ከላይ፣ ገብስ እምቢ በሚልበት ከፍታ፣ ከአስታው ቁጥቋጦና ከጅብራው ጋር አብሮ ይበቅላል። ጅብራውን ሁሉም ፎቶግራፍ ያነሣዋል፤ ዕድሜውን በሙሉ ቅጠል ሲያበዛ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያንን ረጅም አበባውን አውጥቶ ይሞታልና ይገባዋል። ጓሳውን ግን ሰው ይረግጠዋል እንጂ አያየውም። ሥራውን የሚሠራው ግን እርሱ ነው። ጭጋጉንና ዝናቡን ጥቅጥቅ ባለው ግንዱ ውስጥ ይይዛል፣ ቀስ እያለ ወደ መሬት ያሰርጋል፣ መሬቱም ለምንጭ ይሰጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ሰማይ ከደረቀ በኋላ፣ ታች ያለው ገበሬ መስኖ የሚያጠጣው በዚያ ቁጠባ ነው።

ጓሳው የሚታጨደው ለጣሪያ ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ነው። ስለዚህ ተራራው ጫፍ ላይ የምታዩት ሣር ታች መንደር ውስጥ ጣሪያ ሆኖ ይጠብቃችኋል ማለት ነው። እርሻው ደግሞ ወደ ላይ እየወጣ ነው። አባቶቻችን ገብስ ያቆሙበት ቦታ ዛሬ መካከል ሆኗል። አፈሩ ታጥቦና አሲዳማ ሆኖ ገብሱ ሲያንስ ገበሬው እንግዶ ይዘራል፤ እንግዶ ምንም ባልሆነ መሬት ላይ የሚችል ታጋሽ እህል ነው። አንድ ማሳ ላይ እንግዶ ስታዩ «መሬቱ ደክሟል» ብላችሁ አንብቡት። ኖራ እየበተነ የሚያክመውም አለ። ይህን ስል ገበሬውን መውቀሴ አይደለም። ልጆቹ አምስት፣ መሬቱ ያው የአባቱ ቁራሽ የሆነ ሰው ወደ ላይ ካልሄደ ወዴት ይሄዳል?

አንድ ጊዜ፣ ያ የአውቶቡስ ጉዞ ካሳፈረኝ በኋላ፣ ከረቡዕ ገበያ ተነሥቼ ወደ ድጎ ጽዮን በእግሬ ተሻገርኩ። የጎረቤቴ ልጅ አብሮኝ ነበር። መንገድ ሳትን፣ መሸብን፣ ከአንዲት ጎጆ ደጅ ቆመን «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» አልን። ውሻው ተንጫጫ፣ በሩ ተከፈተ፣ አንዲት አሮጊት «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» አሉን። ከየት መጣችሁ አላሉም፤ እሱ የሚጠየቀው ከተበላ በኋላ ነው።

ቤቱ ውስጥ በአንደኛው ወገን በጎቹና አንድ ፈረስ አሉ፤ በሌላው ወገን መደቡና እሳቱ። መጀመሪያ አፍንጫዬን ያዝ ሊያደርገኝ ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ግን የዚያ ፈረስ ትንፋሽ ምን ያህል እንደሚያሞቅ ገባኝና ይቅር በለኝ አልኩት። ድንች ከረመጥ እየወጣ በእጃችን ላይ ይጣላል፤ ልጣጩን እየነፋን በጨውና በአዋዜ በላን። ከዚያ በኋላ ጥያቄው መጣ፦ «ለምን ጉዳይ ነው?» አልዋሽም፣ «ተራራውን ለማየት» አልኩ። አሮጊቷ አዩኝ። «ሌላ ጉዳይ የለህም?» አሉኝ። አፈርኩና ስለ ጣሪያው ጠየቅኋቸው።

አቤት፣ ምን ዓይነት በር ነበር የከፈትኩት! ቤቱ የተከደነው ባለቤታቸው በሞቱ በዓመቱ ነው። ጓሳው የመጣው ከዚህ ጎጥ ከእንትና ድርሻ ነው፤ ሲከደን የመጣው ሰው ይህን ያህል ነው፤ የተጠመቀው ጠላ ይህን ያህል ነው፤ ቀርቶ ያልመጣው ዘመድ እስከ ዛሬ አልታረቀም። ጢሱ ያጠቆረውን የውስጡን ሣር በእንጨት ጫፍ እየነኩ ማን የትኛውን ጎን እንደከደነ ነገሩኝ። ልጃቸው ቆርቆሮ ላልብስልሽ እያለ ነበር። እርሳቸው ቆርቆሮ አልጠሉም፤ አንድ ቅሬታ ብቻ ነበራቸው፦ «ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮ ወሬ ያስቆማል፤ የክረምት ሌሊት ያለ ወሬ በምን ይነጋል?» ጠዋት ስንወጣ የፈረሱ ኮርቻ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሮ ነበር። ያን ኮርቻ ከነውርጩ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ የተራራውን ጫፍ ግን በዚያ ጉዞ ጭጋግ ጋርዶት አላየሁትም።

ስለ ገበያው አላስረዝምም። ረቡዕ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው። ድንቹን በአህያና በፈረስ ጭኖ የሚወርደውን ደገኛና ከወይና ደጋው ጤፍ ይዞ የሚወጣውን ነጋዴ አንድ ሜዳ ላይ ስታዩ፣ እኔ በአንድ ሴሚስተር ስለ አየር ንብረት የማስተምረውን በአንድ ጠዋት ትጨርሱታላችሁ።

ብዙ ልናገር የምፈልገው ስለ ሌላ መንገደኛ ነው። በጎጃም የእግር ጉዞን የጀመራችሁት እናንተ አይደላችሁም። ከእናንተ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የልመና ከረጢቱን፣ አኩፋዳውን፣ አንጠልጥሎ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ በባዶ እግሩ ይህን ሁሉ አገር የለካው የቆሎ ተማሪ ነው። እኔም ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ በትዕግሥት ስሙኝ።

ተማሪ ከአገሩ ርቆ ነው የሚማረው። አገሩ ላይ ቢማር እናቱ ትጠራዋለች፣ እረኝነት ይጠብቀዋል። ዋሸራ ቅኔ ለመማር፣ ጎንጅ ቅኔ ለመማር፣ ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ወደ ዲማ፣ ከሸዋም ከወሎም ከጎንደርም ይመጣ ነበር። ዋሸራና ጎንጅ የቦታ ስም ብቻ አይደሉም፤ ከወሎው ዋድላ ጋር የቅኔ ስልት ስሞች ናቸው። ባለሙያ የሆነ ሰው መወድስ የሚባለውን ረጅም ቅኔ አንድ ሰምቶ «ይህ ሰው ከወዴት ነው የተማረው» የሚለውን ይለያል ይባላል። ባለ ቅኔውና የተውኔት ደራሲው ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ ነው የወጣው። ሀዲስ አለማየሁም በእነዚሁ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች አልፏል።

ቀኑ እንዲህ ይውላል። ጠዋት ተማሪው የግእዙን ግስና የግሱን አረባብ፣ እርባ ቅምሩን፣ ያስኬዳል። ከዚያ ብቻውን ወደ ዱር ይወጣል፤ ቅኔ ሊቆጥር፣ ማለት በልቡ ሊደርስ። ራሱን ተከናንቦ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ከሩቅ ያየው ሰው የታመመ ወይም የተከዘ ይመስለዋል፤ እርሱ ግን ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ለመግጠም ከራሱ ጋር እየታገለ ነው። ጉባኤ ቃና ከተሳካለት ወደ ዘአምላኪየ ያድጋል፤ እያለ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ሲመሽ የኔታ ፊት ቆሞ የቆጠረውን ይናገራል። የኔታ ያርማሉ፣ ወይም ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ከእርማታቸው ይከፋ ነበር።

ያ ዱር ደግሞ ተራ ዱር አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ነው። ከኮረብታ ላይ ሆናችሁ ጎጃምን ስታዩ እርሻው ሁሉ ተላጭቶ እዚህና እዚያ ክብ ክብ የሆነ ጥቁር አረንጓዴ ነጥብ ታያላችሁ፤ እያንዳንዱ ነጥብ መካከሉ ላይ ደብር አለ። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው የቀረው በየነጥቡ ውስጥ ነው። ቆርጦ የሚወስድ ሰው ታቦቱን ይፈራል፤ የኔታን ይፈራል፤ ዛፍ ሥር የተቀመጠውን ተማሪም ያያል። ደን ጠባቂ ተቀጥሮለት ያልዳነ ደን ብዙ አውቃለሁ። ያለ ዛፍ ግን ቅኔ የሚቆጠርበት ቦታ የለም።

ከሰዓት በኋላ ልመና ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ከደጅ ደጅ። የመንደሩ ካርታ ራሳችን ውስጥ ነበር፤ ግን የእኛ ካርታ ኮረብታና ወንዝ የለበትም። የማን ሚስት ትኩስ ትሰጣለች፣ የማን ቤት ደረቅ እንጀራ፣ ኮቸሮ፣ ብቻ ነው፣ የማን ውሻ ሳይጮህ ይነክሳል፣ በየትኛው ወር የማን ጽዋ ነው፣ ሰንበቴ የት ይወጣል። ውሻ በዱላ አይመለስም፤ ዱላ ሲያይ ይብሳል። ደበሎህን ወደፊት ዘርግተህ እንዲነክሰው ትሰጠዋለህ፤ እርሱ ከበግ ቆዳ ጋር ሲታገል አንተ ደጁ ላይ ደርሰሃል። ግራ ባቴ ላይ ያለው ጠባሳ ይህን ከመማሬ በፊት የነበረ ነው። እውነቱን ንገረን ካላችሁ፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት የመልክዓ ምድር ጥናት የዚያን ካርታ ያህል አልጠቀመኝም።

ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ስትሄዱ ይህን አስታውሱ። ጎብኚው የሚመጣው ቤተ ክርስቲያኑንና ሥዕሉን ለማየት ነው፤ ደግ ነው፣ ይታይ። በግቢው ዙሪያ ያሉትን ትንንሽ የተማሪ ጎጆዎች ግን አልፏቸው ይሄዳል። መርጡለ ማርያምም እንዲሁ ነው። ትውፊቱ ምሥረታውን ወደ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ይመልሰዋል። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ እቴጌ እሌኒ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን የተጠረበ ድንጋይ ፍራሹ ዛሬም ቆሟል፤ ድንጋዩ ላይ የተፈለፈለውን አበባና ሐረግ በጣታችሁ ተከተሉት፣ አትቸኩሉ። እዚያ የሄድኩ ጊዜ አንድ የአብነት ተማሪ ከፍራሹ ጥላ ሥር ተከናንቦ ተቀምጦ አገኘሁት። ምን እንደሚሠራ ስለማውቅ ድምፄን ሳላሰማ በሌላ በኩል ዞርኩ።

የዓባይን ምንጭ፣ ግሽ ዓባይን፣ ሳልነካ ብሄድ ግን የሰከላ ሰው ይጣላኛል። ቦታው ከጮቄ አይደለም፣ በምዕራብ ጎጃም ነው፤ ነገር ግን ጉዳይ ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ከእርሱ የተሻለ የሚያሳይ የለም። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን እ.ኤ.አ. በ1618 ምንጩን አየ፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ደርሶ እኔ ነኝ የመጀመሪያው ብሎ ተመጻደቀ። ሁለቱ የሚፎካከሩበትን «ግኝት» የአካባቢው ሰው ለምዶ ይጠመቅበት ነበር! ጠበል ነውና።

የሰከላ አባቶች የሚናገሩት ታሪክ ሌላ ነው። አቡነ ዘርዓ ብሩክ ሊታሰሩ ሲወሰዱ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጡት። ከዓመታት በኋላ ተፈትተው ሲመለሱ ምንጩ ላይ ቆመው «ግሺ ዓባይ» አሉት፤ አደራዬን አውጪ ማለት ነው። ምንጩም መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ሳይርሱ መለሰ። የቦታውም ስም ከዚያ ወጣ ይላሉ። ጥር 13 በበዓላቸው ቀን የሄደ ሰው ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ የሚጠብቀውን ሕዝብ ያያል። ውኃ አደራ ይቀበላል ብሎ የሚያምን ሰውና ውኃን በኪዩቢክ ሜትር የሚለካ ሰው፣ ማለትም እኔ፣ አንድ ሰልፍ ላይ ቆመን ነበር። ከፊቴ የነበረችው ሴት ልጇ ታሞባት ነው የመጣችው። እኔ ለምን እንደመጣሁ ስትጠይቀኝ እንደገና መልስ አጣሁ።

በ2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ካወጣው የምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መዝገብ ውስጥ ጮቄ እንደገባ ሰምታችኋል። ደስ ብሎኛል። ልብ በሉ ግን፤ የተመዘገበው መንደሩ ነው። ጫፉ አይደለም። መንገዱ ሰላም ሆኖ እንግዳ ሲመጣ መንደሩን አልፎ ጅብራ ሥር ቆሞ የሚመለስ ከሆነ ሽልማቱ ለማን እንደተሰጠ አልገባውም ማለት ነው። እናንተ ከፊት ሆናችሁ ምሩት። ለተማሪ ጎጆ ጧፍና ጨው ያዙ። ድንች ከገበያው ግዙ። የጣሪያ ክዳን ያለበት ቀን ካጋጠማችሁ ሣር አቀብሉ። ውድ አይደለም፤ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ያዋራችኋል።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ወጣት በወረቀት የላከው ጥያቄ ደርሶኛል። «ጮቄ ጫፍ ላይ ደርሰው ያውቃሉ? ምን ይታያል?» ይላል።

ሦስት ጊዜ ደርሻለሁ። ሁለቱን ጊዜ ጭጋግ ነበር፤ ያየሁት የራሴን እጅ ነው። በሦስተኛው ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ ላይ ቆመን ዙሪያውን ስንቃኝ ባና የለበሰ አንድ እረኛ፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከጓሳው ውስጥ ብቅ አለ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ገደል ገደሉን አተኩረን ስናይ ለጥቂት ጊዜ ተመለከተን። ከዚያ ጠጋ አለና በትሕትና ጠየቀን፦

«ምን ጠፍቶባችሁ ነው?»

ምንም አልጠፋብንም አልነው። አላመነንም። በሬ ነው በቅሎ ብሎ ደግሞ ጠየቀ፤ እኛ ስንስቅ እርሱ አልሳቀም። ጅራፉን ትከሻው ላይ አድርጎ «በዚያ በኩል ያለውን እኔ ልይላችሁ፣ እናንተ በዚህ ውረዱ» አለና ሮጠ።